የአያንቱ አራት ስንኝ

...እና ስሙኝማ፣ ጊዜያችሁን በከንቱ አልወስድም፣ ግጥም መፍታት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ከመንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ እየለቀምኩ ራሴን ያስተማርኩ ልጅ ነኝ፣ ማብራራት ነፍሴ ነው፣ አሁን ግን እዚህ አዳማ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ነፋሱ አቧራውን ቆርቆሮው ላይ እየበተነ፣ አዴ ጉዲቱ ፊቴ ቆመው ልጄ ምን አለች ይሉኛል፣ ግጥሙን በልቤ እደግማለሁ።

ልጃቸው አያንቱ ናት። ከዓለም ጤና ከተማ ለሕክምና መጥተው ከእኛ ጎን ክፍል ተከራይተዋል። ሐኪሙ የነገረው ለአጎቷ ለኦቦ ጫምሳ ነው፣ እሳቸው ደግሞ እናቷንም እኛንም ሰብስበው አስማሉን፣ ልጅቷ እንዳትሰማ፣ ጨጓራ ነው በሏት፣ ካንሰር የሚለውን ቃል በዚህ በር ያስገባ ከኔ ጋር ተለያየ። ወጉ ነው፣ ታማሚ የራሱን መርዶ አይሰማም። እኛም ጨጓራ እንላለን፣ ቃሪያውን ከእጇ እንነጥቃለን፣ እሷም እሺ ትላለች፣ እየሳቀች።

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ እየሞቀች፣ ና ፕሮፌሰር፣ ይቺን ፍታልኝ፣ አለችና በቃሏ አወረደችው፣

ቲማቲሟ ቀልታ ፀሐይ ትስማታለች፣
ጤዛ ተኳኩላ ለዓይን ታምራለች፤
ትሉ ከሆዷ ውስጥ ቤት እየሠራ ነው፣
የገባበትን ቀን እሷ ነች የምታውቀው።

ደከመኝ ብላ ገባች።

እናትየው የገበያ አማርኛ እንጂ የግጥም አይገባቸውም። ቀላል ነው እኮ፣ መቅላቷ ውበት፣ ጤዛው ጌጥ፣ ትሉ ብልሽት፣ ብልሽት ደግሞ መቼም ያማረ ቤት ነው የሚመርጠው፣ ስለዚህ፣ አዴ፣ ነገሩ ስለ ሙስና ነው፣ እላለሁ በኦሮምኛ፣ ቲማቲሟ አገር ናት፣ ትሉ ጉቦ የሚበላ ሹም ነው። ልጄ ከሹም ጋር ምን አላት፣ ይላሉ፣ መታወቂያዋን እንኳ ተሰልፌ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ልስቅ ትንሽ ይቀረኛል።

ግን አራተኛው ስንኝ። ሹምማ አገር ያውቀዋል፣ ይሄንን እሷ ብቻ። የገባበትን ቀን።

ታውቃለች።

ጨጓራ ስንላት የምትስቀው፣ ጠዋት ጠዋት የምትኳኳለው፣ እኛ እንዳንደነግጥ፣ ለእኛ ብላ፣ ወይ ጉድ፣ ማን ማንን ሲያባብል ነው የከረመው፣ ብናገር መሐላዬን አፈርሳለሁ፣ የእኚህን ሴትዮ ልብ እሰብራለሁ፣ ዝም ካልኩ ደግሞ ትሉን ለብቻዋ እንደተሸከመች ትሄዳለች፣ ፍታልኝ ያለችኝ ፍቺው ጠፍቷት ነው እንዴ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ እኔም አውቃለሁ እንዲላት ነው።

አዴ፣ ታውቃለች።

ምኑን።

በሽታዋን።

ማን ነገራት፣ አንተ ነህ አይደል፣ አንተ ለፍላፊ።

ማንም። ገላዋ ነው የነገራት።

አይጮኹም። የበሩን መቃን ይይዛሉ። እኔ፣ ይላሉ ቀስ ብለው፣ ሌሊት ፊቴን አዙሬ አለቅሳለሁ፣ እሷም ፊቷን ታዞራለች፣ የተኛች መስሎኝ፣ የተኛች መስሎኝ እኮ።

በነጠላቸው ፊታቸውን ይጠርጉና ይገባሉ። አያንቱ ኮ፣ የኔ አያንቱ፣ ሲሉ ይሰማኛል፣ በጣም ያምሻል። ከዚያ ልጅቷ፣ አዎ እማ፣ በጣም። ከዚያ ሁለቱም፣ አንድ ላይ፣ ፊት ለፊት ያለቅሳሉ።

ወደ ውስጥ አልገባም፣ የማብራራው የለኝም፣ እናንተ ግን ቤታችሁ የተኛ ሰው ካላችሁ ሂዱ፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ምን ታውቃለህ በሉት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት፣ ዛሬ...