ታንጉ ያልተጠራችበት ምርመራ

እዚህ ሐደራ፣ ነቬ ሐይም በሚባለው ሰፈራችን ሁሉም የየራሱ ሻወር አለው። ሲገባ በሩን ከውስጥ ይቆልፋል፣ ሲወጣ ተጠቅልሎ ይወጣል። ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አልከፋኝም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን የወገራው ወንዝ ይናፍቀኛል። የመርገም ጎጆውም ይናፍቀኛል።

ልጆቼ ይህን ስል ይስቁብኛል። "እማ፣ ሴት በወር አበባዋ ከቤት ወጥታ የምትቀመጥበት ጎጆ ይናፍቅሻል?" ይሉኛል። ምን ያውቃሉ! ሰባት ቀን ሙሉ ውኃ ቅጅ የለ፣ ፍጭ የለ፣ ባል የለ። ምግባችንን በጎጆው ዙሪያ በተደረደረው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡልናል፤ ወንድ ከዚያ አያልፍም። እኛ ውስጥ ሆነን እንፈትላለን፣ ሹሩባ እንሠራራለን፣ ሰው እናማለን፣ ሆዳችንን እስኪያመን እንስቃለን። በመጨረሻው ቀን ወንዝ ወርደን ስንታጠብ አንዷ የሌላዋን ጀርባ ታሻለች። ማን እንደረገዘች፣ ማንን ባሏ እንደመታት፣ የማን ገላ እንደከሳ ሳይነገረን እናውቅ ነበር።

ታንጉን ያገኘኋት እዚያ ነው። እኔ ገና የመጀመሪያዬ ነበር፣ መግባት ፈርቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እሷ አግብታ ካሣሁንን ወልዳ ጡት አስጥላለች። አቅፋኝ "አይዞሽ የሺ፣ እዚህ ማንም አያዝሽም" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ሆነች።

በፈረንጆቹ በዘጠና አንድ ወደዚህ ወደ አይሁድ አገር በአውሮፕላን ስንመጣ የተቀበሉን ሰዎች ዕድሜ ይጠይቁ ነበር። በእኛ አገር ዕድሜ ማን ይቆጥራል? እኔን ፊቴን አይተው ገመቱ፣ ብዙም አልሳቱ። ታንጉ ቀጭን ናት፣ ሠላሳ አምስት ብለው ጻፉላት። ደስታዋን ብታዩ! "ይች አገር ገና ስትቀበለኝ ወጣትነቴን መለሰችልኝ" እያለች ባሏን አዝመራውን ታበሽቀው ነበር። እኛም በየበዓሉ እናነሣውና እንስቃለን።

እንግዲህ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሦስት መሰለኝ፣ ሃምሳ የሞላት ሴት ሁሉ ጡቷን እንድትመረመር ጥሪ መጣ። ማሞግራፊያ ይሉታል፤ ነቀርሳውን ገና ሳያም፣ ገና በእጅ ሳይዳሰስ ያገኘዋል። ለእኔ ተላከልኝ። ለታንጉ አልተላከም፤ እሷ በመንግሥት ዘንድ ገና አርባ ሰባት ናታ!

"ይሄ ለእናንተ ለአሮጊቶች ነው" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። የታንጉ እናት በምን እንደሞቱ አውቃለሁ። በጡታቸው ነው። ሁለታችንም ወንዝ ዳር ስንታጠብ እብጠቱን አይተነዋል፤ የምናደርገው ጠፍቶን ለማንም ሳንናገር ቀረን። "ከእኔ ይልቅ አንች ነሽ መመርመር ያለብሽ" ስላት ወሬ ትለውጣለች። ስደጋግምባት ትቆጣለች። እያደር ፊቷ ሲጠቁር፣ ቀሚሷ ሲሰፋት አየሁ።

በመጨረሻ "ብቻዬን እፈራለሁ፣ አጅቢኝ" አልኳት። እኔ የምፈራ ሰው! እሷ ግን አመነችኝ፣ አብራኝ መጣች።

የዚያን ቀን ክሊኒኩ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። አቪቫ የምትባል የእኛው ልጅ፣ እዚሁ ያደገች ነርስ፣ አስረዳችን። "እትየ የሺመቤት፣ ከብዙ አገር የመጡ ሐኪሞች ናቸው። ሴቶች ሲጠሩ ለምን እንደሚቀሩ አብረው ያጠናሉ። የአንዱ አገር ዘዴ ለሌላው እንዲጠቅም ነው፣ ሜቪናት? ገባዎት?" አለችኝ። ከመካከላቸው ኪርስቲ የምትባል ከፊንላንድ የመጣች ረጅም ሐኪም ነበረች።

ተራዬ ሲደርስ ለጸሐፊዋ "እሷንም መዝግቢያት" አልኳት። ኮምፒውተሯን አየችና "ዕድሜዋ አልደረሰም፣ አይቀበላትም" አለች።

ታንጉ ዘላ ተነሣች። "ሰማሽ? አልደረስኩም ተባልኩ፤ እውጭ እጠብቅሻለሁ።"

"አትነሽም!" አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። "የበኩር ልጇ ካሣሁን፣ በሱዳን በኩል ቀድሟት የመጣው፣ ስንት ዓመቱ ነው? ያው ኮምፒውተራችሁ ይናገር! አርባ! በሰባት ዓመቷ ነው የወለደችው? ኧረ በእግዜር!"

ወረፋ የያዙት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ኪርስቲ ምን እንደሆነ አቪቫን ጠየቀች። ስትነግራት መጀመሪያ እሷም ሳቀች፣ ቀጥሎ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። በአቪቫ አስተርጓሚነት፣ በአገሯ የሁሉም ሰው የልደት ቀን እንደሚታወቅ፣ ጥሪው ሁሉ በዚያ እንደሚሄድ ነገረችኝ። "እናንተስ ማን ማንን በዕድሜ እንደሚበልጥ በምን ታውቃላችሁ?" አለችኝ። ማን ከማን ቀድማ እንደገባች እንደምናስታውስ እየነገርኩ ስለ ጎጆው አወራኋት። ለእያንዳንዳችን ለየብቻ ሰዓት እየሰጡ መጥራታቸው ለእኛ እንደማይሆን፣ እኛ እንዲህ ያለውን ነገር ሁልጊዜ አብረን እንደምናደርገው ነገርኳት። በእሷ አገር በረዶ በሚበዛበት በኩል ማሽኑ ራሱ በመኪና ተጭኖ ወደ ሴቶቹ እንደሚሄድ ነገረችኝ። ከዚያ ከክሊኒኩ ኃላፊ ጋር ተነጋግረው "ሁለታችሁም ግቡ" አሉን። ከዚያ ወዲህ የነቬ ሐይም ሴቶች በቡድን በቡድን ነው የሚጠሩት፤ ዕድሜያቸው የሚያጠራጥረውንም በልጆቻቸው ዕድሜ ያመዛዝኑታል።

ልብስ የምንቀይርባት ክፍል ጠባብ ነበረች። እኔ አወለቅሁ። ታንጉ ሹራቧን እንደያዘች ቆመች።

"ዙሪልኝ" አለችኝ።

"ወንዝ ስንወርድ ዙሪ ተባብለን እናውቃለን?" አልኩና ሹራቡን ከእጇ ነጥቄ ገለጥኩት።

ግራ ጡቷ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ ቆዳው ተጨማድዶ፣ ሥሩ እንደ ለውዝ ያለ እብጠት ወጥቶበት አየሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፋሲካ።" እንባዋ ወረደ። "ኦሸሪት እስክታገባ ነው፣ የሺ። ልጄ ሠርጓ ሦስት ወር ነው የቀረው። የልጁ ቤተሰቦች 'በዘር ይሄዳል' ብለው እንዳይተውብኝ። ከሠርጉ ማግስት እመጣለሁ። አሁን እንውጣ፣ ዝም በይልኝ፣ በልጆችሽ!"

ሦስት ወር። እናቷ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። በሩን በርግጄ ወጣሁ፤ ደረቴን እንኳ አልሸፈንኩም። "አቪቫ! ድረሱልኝ! ታንጉ ጡቷን ታማለች፣ እብጠት አለባት፣ ልትሄድብኝ ነው!" እያልኩ ጮኽሁ። ሐኪሙም፣ እንግዳውም፣ ተራ የሚጠብቁት የሰፈራችን ሴቶችም ሰሙ።

በሁለተኛው ሳምንት ጡቷን አወጡላት። ከዚያ በኋላ ከባድ መድኃኒት ነበር፣ ጸጉሯ ረገፈ። ሦስት ወር ቢዘገይ ኖሮ አናድናትም ነበር ብለው ሐኪሞቹ ለአዝመራው ነገሩት። ወሬው ግን ከሐኪሞቹ ቀድሞ የሙሽራው ቤት ገብቷል። ሠርጉ ፈረሰ። ሾርባ ይዤ ልጠይቃት ስሄድ ታንጉ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች እንጅ አላስገባችኝም። "ልጄን በአደባባይ ገደልሻት" ብላ ዘጋችብኝ።

ስድስት ዓመት ሆነው። ኦሸሪት ሌላ ጥሩ ልጅ አግብታ ወልዳለች፣ ስታገኘኝ ትስመኛለች። ታንጉ ግን አልማረችኝም። የዓርብ ዕለት ሐደራ ገበያ ስወጣ ከማዶ ድምጿን እሰማለሁ፤ የልጅ ልጇን አዝላ ከቲማቲም ሻጩ ጋር ትጨቃጨቃለች። ሄጄ እንደ ድሮው አንገቷ ላይ ልጠመጠም፣ ያልተሳቀ ሳቃችንን ሁሉ ልንስቅ ያምረኛል። ካየችኝ ፊቷን አዙራ እንደምትሄድ ስለማውቅ ግን ከሽንኩርቱ ከረጢት ኋላ ቆሜ ጭቅጭቋን እስክትጨርስ አዳምጣለሁ። ትኑርልኝ እንጅ፣ ዕድሜ ልኳን ታኩርፈኝ!