ድምፁ የሄደበት

ስልኳን በጥርሷ ነክሳ፣ በመብራቱ የስፒከሩን ገመድ እየተከተለች ጠረጴዛው ሥር ገባች። ገመዱ እንደተሰካ ነው። ስፒከሩም አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ደህንነቱን ይመሰክራል።

"ገመዱን እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ" አሉ አባቷ ከወንበራቸው።

አይቼዋለሁ ማለታቸው በጣታቸው ነው። የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፤ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጣ። ያን ጊዜ አሮጌ ኮምፒውተሯ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ጭና፣ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ጨምራ የሰጠቻቸው ይህችው ልጃቸው ናት። ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ ያስነብቡታል። ከሰዓት በኋላ የሰሙትን ይዘው ጎረቤታቸው ወደሆነው ልብስ ሰፊ በረንዳ ብቅ ይሉና ለእኩዮቻቸው ይተርካሉ። ምላሰኞቹ፣ ከተነበበው ይልቅ እሳቸው የሚጨምሩበት ይበልጣል እያሉ ያሟቸዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ድምፁ ጠፋ። ደወሉላት። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች በሙሉ በእሷ እጅ ናቸው፤ አለቃዋ ሲያስነጥስ እንኳ ሮጣ ትደርሳለች። ለአባቷ ግን ገመዱን ይነካኩት፣ አጥፍተው ያብሩት እያለች፣ ዛሬ ነገ ስትል ከረመች። ኮምፒውተሩ ምን እንደነካው የሚነግራቸው በድምፁ ነው፤ የጠፋው ደግሞ ድምፁ ነው። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እያወቀች ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ የድምፅ ማስተካከያውን ከፈተች። መጠኑ እስከ ጥግ ከፍ ብሏል፤ አልተዘጋም። ዝቅ ብላ ድምፁ በየት በኩል እንደሚወጣ ስታይ ክው አለች። የተመረጠው ስፒከሩ ሳይሆን ሞኒተሩ ነው።

ሞኒተሩን ያመጣችው እሷ ናት። ባለፈው ስትመጣ የቢሮ ሥራዋን በሰፊ ስክሪን ለመጨረስ እዚህ ሰካችውና ነገ እወስደዋለሁ ብላ ትታው ሄደች። ኮምፒውተሩም አዲስ እንግዳ መጣ ብሎ ድምፁን በሙሉ በሞኒተሩ ገመድ ላከው። ሞኒተሩ ስፒከር የለውም። ለካ ያ ምስኪን ኮምፒውተር አፍ ለሌለው ነገር ሲያነብ ነበር የከረመው።

ስፒከሩን መረጠች። ንባቡንም አባቷ ካቆሙበት ገጽ መልሳ አስጀመረችው፤ የንጉሡ መልእክተኛ ወንዙ ዳር ደርሶ ጀልባ ያጣበት ቦታ ነበር። አባቷ ጥቂት አዳመጡና አስቁሚው አሏት።

"ልብስ ሰፊው እስኪሄድ ድረስ መልእክተኛው ተሻገረ ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር" አሉ። "አላውቅም አልኩት።"

"የት ሄደ?"

"ልጁ መጥቶ ወሰደው። ሩቅ ነው።"

"በስልክ ይንገሩት፣ አባባ።"

"ጆሮው ከብዷል፤ ስልክ አይሰማም። እኔ እንኳ አፌን ጆሮው ላይ አድርጌ ነበር የምተርክለት።"

መጥታ ቢሆን፣ በዚያው ሳምንት መጥታ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን በአንዲት ንክኪ የሠራችው ያን ጊዜም በአንዲት ንክኪ ይሠራ ነበር።

"ይልቅ ኮምፒውተሩን ይዘሽው ሂጂ" አሉ አባቷ ረጋ ብለው። "አንዱን ቁልፍ ነክቼ አበላሽቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ቁልፎቹ ላይ እጄን አላሳረፍኩም። ነገ ሌላ ነገር ሳጠፋ አንቺን ከሥራ ማስፈታት ነው።"

ኮምፒውተሩ ራሱን ሲያድስ ነው የተበላሸው ልትል ቃጣት። ማን ያውቅባታል?

"እርስዎ አይደሉም" አለች። "እኔ ነኝ። የራሴን ስክሪን ሰክቼ ድምፁን ወደዚያ የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

ይቆጣል ብላ የጠበቀችው የአባቷ ፊት ቀስ እያለ ተፈታ።

"እኔ እኮ አርጅቼ መስሎኝ ነበር" አሉ።

ቁጣቸውን በመረጠች። ከቢሮ ተደውሎ ስልኳ ሲጮህ ሳታነሳ አጠፋችው። ሁለት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ድምፁ ወደ ስፒከሩ እንዲመለስ ኮምፒውተሩን አዘዘች፤ ሞከረችው፤ ሠራ። ከዚያ ሆን ብላ ድምፁን መልሳ ወደ ሞኒተሩ ላከችው። ወንበሯን አስጠግታ የአባቷን ጣቶች በሁለቱ ቁልፎች ላይ አሳረፈች።

"አሁን እንደገና ጠፍቷል፣ አባባ" አለች። "እርስዎ ይመልሱት።"