ለማን እንደቆምን

ሕንድ አገር በየቀኑ ማን እንደተወለደና ማን እንደሞተ የማውቀው ወድጄ አይደለም። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ወዳለችው ሱቄ፣ ጋሽ ዘርዓብሩክ በየጠዋቱ ዳቦ ሊገዙ ይመጣሉ፤ ዳቦውን ከተቀበሉ በኋላ ግን አይሄዱም። ስልካቸውን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ያነቡልኛል። የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ማስተማሩ አልወጣላቸውም።

ደብረ ማርቆስ ሲማሩ ሚስተር ቫርጊስ የሚባል ሕንዳዊ አስተማሪ ነበራቸው። ሰውየው ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ይጽፍና በዚያ ቀን አገሩ ውስጥ የሆነውን ይናገር ነበር አሉ። ልጃቸው ኪዳን ኩላሊት ልታስቀይር ቼናይ ስትሄድ ጋሼ ያንን ልማድ ከስንት ዘመን በኋላ አነሱት። «ልጄ የተኛችበት አገር ቀኑ ምን እንደሆነ ካላወቅሁ ምኑን አባት ሆንኩ?» አሉኝ። ኩላሊቱን የሰጣት አብሯት የሄደው ታናሽ ወንድሟ የኔሰው ነው። ቀዶ ጥገናው ተሳካ ሲባል ጋሼ የልጅቷን ክፍል ቀለም ማስቀባት ጀመሩ።

ጥር ሃያ ሁለት፣ አርብ ጠዋት፣ «ሀይፋ፣ ዛሬ ከባድ ቀን ነው» እያሉ ገቡ። በፈረንጅ ጃንዋሪ ሠላሳ መሆኑ ነው። እንደ ወትሯቸው ከተወለዱት ጀመሩ። አምሪታ ሼርጊል የምትባል ሠዓሊ አለች። ሱብራማንያም የሚባሉ ደግሞ አሉ፤ ኋላ የግብርና ሚኒስትር ሆነው ሕንድ ከሰው ስንዴ ከመጠበቅ እንድትወጣ የደከሙ ሰው ናቸው። «የኪዳን ጎረቤት በያቸው፣ ቼናይ ያለችበት የታሚል ናዱ ሰው ናቸው» አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ወደ ሞት መጡ። ጋንዲ ለማታ ጸሎት ሲሄዱ በጥይት የተመቱት በዚህ ቀን ነው። ሕንዶች በየዓመቱ ረፋድ ላይ ሥራቸውን አቁመው ሁለት ደቂቃ ቀጥ ብለው ይቆሙላቸዋል።

«ረፋዱ በእኛ አሁን ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል» አሉና ዳቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። «ተነሺ!»

«ጋሼ፣ ደንበኛ ቆሞብኛል እኮ።»

«ደንበኛዋም ትቁም።»

እንቁላል ልትገዛ የመጣችው ዋጋነሽ ሳቋን አፍና ቆመች። እኔ ግን በግኜ ነበር። ስኳሩ በግማሽ ተመዝኖ ሚዛኑ ላይ ቀርቷል፣ ውጭ የታክሲው ረዳት «አየር ጤና! አየር ጤና!» ይላል፣ እኔ ላላየሁት ሰው እንደ ተማሪ ተገትሬያለሁ። ጋሼ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቅንጣት አልተነቃነቁም። ሲጨርሱ ፊታቸው በራ።

«በቃ፣ ሞት የዛሬ ድርሻውን ድሮ ወስዷል። ዛሬ እንኳን ለኪዳን አልሰጋም» ብለውኝ ወጡ።

አመሻሽ ላይ የኔሰው ደወለልኝ። «እትዬ ሀይፋ፣ አባዬ አጠገብሽ ነው?» አለ። የለም አልኩት። «ኪዳን አረፈች። ጠዋት ላይ። ኢንፌክሽን ነው አሉ።» ቀጥሎም «ኩላሊቴን ይዛ ሄደች፣ እትዬ። እኔን ለምን ተወችኝ?» ብሎ ጮኸ። ስልኩን ሲዘጋ ሄጄ ለእድሩ ነገርኩ።

የእድራችን ዳኛ አቶ ቢቂላ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በወጉ፣ ንጋት ላይ፣ አስከሬኑ ሊገባ ሲል ይረዱ ተባለ። ቀኑ ለማክሰኞ ተቆረጠ። ወጉን አልጠላም፣ እኛም ቤት ያው ነው። ወጉን ያወጣው ሰው ግን ሱቅ አልነበረውም፤ ልጁ የሞተችበት አባት በየጠዋቱ እየመጣ ከሱ ዳቦ አልገዛም። «አደራሽን፣ ፊትሽ እንዳያሳብቅ» አሉኝ አቶ ቢቂላ። ፊቴን የት ላድርገው?

ቅዳሜ ጋሼ የልጆቹ ስልክ እምቢ እንዳላቸው ነገሩኝ። «ኔትወርክ ይሆን?»

«ኔትወርክ ነው ጋሼ» አልኩ።

እሑድ ያነበቡልኝ ስለ ካልፓና ቻውላ ነበር፤ ሕንድ ተወልዳ ጠፈር ድረስ ስለሄደችው ሴት። «መንኮራኩሯ ምድር ልትደርስ ደቂቃዎች ሲቀሯት…» ብለው አቆሙ። ሞቷን ሳያነቡ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። የወደቀ ነገር የምፈልግ መስዬ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ አልኩና አለቀስኩ። ከላይ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ቀለሙ ደርቋል፣ የቀረው መጋረጃ ነው፣ ኪዳን ምን ዓይነት ትወዳለች፣ ሴት ለሴት ታውቂያለሽ ይሉኛል።

«ሰማያዊ» አልኩ እዚያው ተደብቄ።

ሰኞ ሱቁን አልከፈትኩም። አቅም አልነበረኝም።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቱ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ የተዘጋው ሱቄ ደጃፍ ተሰበሰበ። እኔም ጥቁር ሻሼን አስሬ ወጣሁ። ደረጃውን ድምፅ ሳናሰማ ወጣን። አቶ ቢቂላ አንዴ እንዳንኳኩ ጋሼ ከፈቱ፤ ለብሰዋል፣ ስልኩ እጃቸው ላይ በርቷል። በስተጀርባቸው የኪዳን ክፍል ተከፍቶ ይታያል። መጋረጃው ተሰቅሏል። ሰማያዊ ነው።

አንድ በአንድ አዩን። አቶ ቢቂላ «ጋሽ ዘርዓብሩክ፣ እንግዲህ የፈጣሪ ሥራ…» ከማለታቸው ሴቶቹ ለቅሶውን አቀለጡት። ጋሼ ክፍል ውስጥ ዝም በሉ እንደሚሉት እጃቸውን አነሡ።

«መቼ?» አሉ።

«ቀኑ አሁን ምን ያደርግልዎታል…»

«ቀኑን ነው የጠየቅሁት።»

አቶ ቢቂላ መሬት መሬት ማየት ሲጀምሩ እኔ መለስኩ። «ጥር ሃያ ሁለት፣ ጋሼ። አርብ ጠዋት።»

ወደ እኔ ዞሩ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

«እና ያኔ ሱቅሽ ውስጥ…»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ለሷ ነበራ የቆምነው» አሉ። «ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የቆምኩላት።»

ፍራሽ ተነጠፈ፣ ወንበር መጣ፣ አቶ ቢቂላ ክንዳቸውን ይዘው ለመኗቸው። አልቀመጥም አሉ። ክፍሏ በር ላይ ሄደው እጃቸውን ጎናቸው ላይ አደረጉ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ ቆሙ። አስከሬኑ እስኪገባ ድረስ ቆሙ። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ፤ ዛሬ የሚጠብቀኝ ደንበኛ አልነበረም።