የተሰፋው ሐረግ

ልብስ ሰፊው ካገባ ሰባት ዓመቱ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ አማቱ አንዲት ቁልፍ እንኳ አስተክለውት አያውቁም። ቀሚሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በሱቁ ደጃፍ አልፈው፣ ከመንገዱ ማዶ ላለው ሰፊ ይሰጣሉ። ይህ ነገር አንጀቱን ያሳርረዋል።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት እህታቸው ዘንድ ሲሄዱ አበባቸውን አደራ ቢሉት በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አበባው ከተንጠለጠለ መትከያ ወደ ታች የሚዘናፈል ሐረግ ነው፤ ሐምራዊ አበባ ጥቅጥቅ ብሎበታል።

«ከልጄ ቀጥሎ የምወደው ነው» አሉት። «ውኃ ብቻ አጠጣልኝ። ሌላ እንዳትነካ!»

«ኧረ እማማ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው!»

ከስፌት መኪናው በላይ ሰቀለው። በአራተኛው ቀን አንድ ሱሪ አሳጥሮ ቀና ቢል፣ የሐረጉ ጫፍ ወለሉን ይጠርጋል። ሃያ ዓመት የሰፋ እጅ ደግሞ ባለቤቱን አያማክርም፤ ወለል የሚጠርግ ነገር ካየ ያሳጥራል። ሜትሩን ዘረጋ፣ በሳሙና ምልክት አደረገ፣ ቀጭ! ወደ ልቡ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

«ወይኔ ጉዴ!» ብሎ የሚያውቀውን አደረገ፤ በአረንጓዴ ክር መልሶ ሰፋው። የተሰፋው በሁለት ቀን ደረቀ። ቅጠሉም አበባውም ሲረግፍ ከገበር ቁራጭ እየቀደደ ይተካ ጀመር። ሚስቱ አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እናቴን አታውቃትም ማለት ነው» አለችው።

አማቱ መጡ። ሐረጉን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «እንዴት አምሮበታል!» ብለው ሊያሸቱ ጠጋ ሲሉ፣ «ዋይ!» አሉ። አንዱ አበባ ላይ ስፒል ረስቷል።

አፍንጫቸውን እያሹ መነጽራቸውን አደረጉ። ቅጠሉን ገለበጡ፣ ክሩን በጥፍራቸው ዳበሱ። ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ተመኘ።

«ይህን የሰፋኸው አንተ ነህ?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ሐረጉን አንስተው ወጡ። በቃ፣ አለቀልኝ አለ።

በማግስቱ ጠዋት አማቱ ፌስታል ይዘው በመንገዱ መጡ። እንደ ልማዳቸው ያልፋሉ ብሎ አቀረቀረ። አላለፉም። ቀሚሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«የዚያ የማዶው ሰው ስፌት ከሩቅ ይታያል» አሉ። «ያንተን ግን በአፍንጫዬ ነው ያገኘሁት።»

ልብስ ሰፊው እንባው እየመጣ ሜትሩን አነሳ። አማቱ እጁን ለቀም አደረጉት።

«ወገቡን ብቻ ሰፋ አድርግልኝ። እንዳታሳጥረው!»