ሰላሳ ስምንት ዲግሪ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። ቋ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ቋ፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። ሙላቴ ዓይኑን ሳይገልጥ አወቀው። ከመጋረጃው ወዲያ አክስቱ እትዬ ጥሩወርቅ ከመደብ እየተነሱ ነው፤ የሚንቋቋው ጉልበታቸው ነው። ደብረ ታቦር እያሉ ጠዋት አንድ ጊዜ ቋ ብሎ ይተዋቸው ነበር። ገሳይ ከመጡ ይኸው አራተኛ ቀናቸው፣ አሁን እስከ በሩ ድረስ እየጮኸ ይሸኛቸዋል። ሙላቴ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮው ሳበና የተኛ መሰለ።

እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ፈተናው አልሳካ ሲለው እንኳ አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩበትም። ዘንድሮ ቁርጥማቱ ሲብስባቸው ሐኪሙ «ሞቃት አገር ወርደው ይሰንብቱ» አላቸው። እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይያዝ የሚተርፋቸው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። በጾሙ ከቅዳሴ አይቀሩም፤ ከዚያ ወዲያ እርሻ ነው። ስለዚህ ሙላቴን ጠሩና፣

«አንተ ፊደል የቆጠርህ ነህ። ለዚህ ጉልበት የሚስማማውን አገር ምረጥልኝ» አሉት።

መምረጥማ ምን ይመረጣል? በአንበሳሜ በኩል ቁልቁል የሚወረደው ፍል ውሃ አለ። የሰፈሩ ባልቴት ሁሉ በምርኩዝ ሄዶ ምርኩዙን ብብቱ ስር ይዞ የሚመለሰው ከዚያ ነው። ሙላቴ ግን ቆላ አይስማማውም። አንድ ጊዜ ይፋግ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ሙቀቱ ሲያዞረው፣ ላቡ ሲያሳክከው ሰንብቷል። ፍል ውሃ ደግሞ ሰው ይበዛል፤ ዳስ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር ጎን ለጎን መተኛት፣ የሁሉን ሕመም መስማት አለ። እሱ ደስ የሚለው ብቻውን ተቀምጦ ጭጋጉ ጉና ተራራ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ማየት ነው። የአክስቱ የአጎት ልጅ ጌጤ ገሳይ ላይ ሰፊ ቤት አላት። ደጃፏ ላይ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ ታየው።

ስልኩን ከፈተ። የፍል ውሃው አገር ሃያ ስምንት ዲግሪ ይላል።

«ሰላሳ ስምንት» አላቸው።

«እሱ ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

እትዬ ጥሩወርቅ አሰብ አደረጉ። «ባለፈው ክረምት ጤና ጣቢያ ያቺን ነገር ብብቴ ስር ሸጉጠው ሰላሳ ስምንት ነው፣ ትኩሳት ይዞዎታል ብለው አስተኝተውኛል። እንግዲያ አገሩም ታሟላ።»

የሰውና የአገር ሙቀት ለየብቻ መሆኑን የሰባተኛ ክፍል ልጅም ያውቀዋል። ሙላቴ ማረም ይችል ነበር።

«አዎ» አለ። «ንዳዱም አለበት።»

«ገሳይስ አይበርድም?»

«በዚህ ወር ፀሐዩ ደረቅ ነው፣ ለአጥንት ይስማማል ይላል» አለና ስልኩን አሳያቸው። ማንበብ አይችሉም። ቢሆንም ጎንበስ ብለው አዩለትና «እሺ» አሉ።

«ተነሥ እንጂ አንተ ባለ ጉና» አለች ጌጤ አሁን ከምድጃው ዘንድ፣ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ አይታው። «ጭጋጉ ጥሎህ ሊሄድ ነው።»

ተነሥቶ ፊቱን ሲታጠብ ፋጡማ ገባች። በየገበያው እየዞረች ልብስ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ገሳይ ስትመጣ ጭነቷን የምታሳርፈው እዚህ ነው።

«ጠፋሽሳ» አለች ጌጤ።

«ፍል ውሃ ሰንብቼ። ወገቤን ታውቂው የለ? ይኸው እይው» ብላ ፋጡማ ጎንበስ ቀና አለች። «አሁን ብትድሪኝ አገባለሁ።»

«ወገብሽስ ዳነ፤ ምላስሽን ማን ይችልልሻል?»

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ ጥሩወርቅ ጉልበታቸውን በጋቢ ጠቅልለው እሳቱ ጥግ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው?»

«የምን ሙቀት፣ እትዬ? ቀን ጥላ ስር ማረፍ፣ ማታ አንዲት ነጠላ ደርቦ መተኛት ነው። እኔስ ብርድ የያዘኝ እዚህ ስደርስ ነው።»

«ትኩሳት ይዞታል ሲባል ሰማሁ፣ አገሩን።»

ፋጡማ ግራ ገባት። «አገርን ትኩሳት ይይዘዋል? ማነው ያለዎ?»

ሙላቴ ፎጣውን ፊቱ ላይ እንደያዘ ቀረ። ሲያወርደው የአክስቱ ዓይን እሱ ላይ ነበር። ቁጣ አልነበረበትም። አየው፣ ቆየ፣ ከዚያ ወደ እሳቱ ተመለሰ።

«ማንም አላለኝ» አሉ። «ቆላ የፈራሁት የሰው ወሬ ሰምቼ ነው።»

«ይህን የመሰለ ልጅ ስልክ ይዞ ተቀምጦ የሰው ወሬ ይሰማሉ?» አለች ጌጤ።

«እሱማ ልኩን ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

በጥፊ ቢሉት ይሻለው ነበር። ደብተሩን ይዞ ወጣና ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጉና ፊት ለፊቱ ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። «እትዬ፣ ሃያ ስምንት ነበር፤ ዋሽቼዎ ነው።» ይህችኑ ቀኑን ሙሉ በሆዱ ሲያመላልስ ዋለ። ሊመሽ ሲል ገብቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ያ ቁጥር...»

«እንጨት ጨምርበት፣ ልጄ» አሉት።

ጨመረበት።

በማግስቱ ጠዋት ቋ ሲል አልተኛም ነበር። ዛሬ ሳልናገር አልውልም እያለ ቃሉን ሲያሰናዳ ቆይቶ ተነሣ። መጋረጃውን ሲገልጥ ግን መደቡ ተነጥፏል፣ ጋቢው ታጥፎ ተቀምጧል፣ በሩ ገርበብ ብሏል። በባዶ እግሩ ሮጠ። እትዬ ጥሩወርቅ ጥቅልላቸውን ይዘው መንገዱ ዳር ቆመዋል፤ ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር የሚወርደው ሚኒባስ ፊታቸው ቆሟል። ጾሙ ሊያዝ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

«እትዬ፣ ልያዝልዎ» አለና እጁን ዘረጋ።

ጥቅልሉን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩት። እግራቸውን መወጣጫው ላይ ሲያደርጉ ጉልበታቸው ቋ አለ፤ ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ ሳባቸው።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

በመስኮቱ በኩል ነጠላቸውን አስተካከሉ። ረዳቱ ለሾፌሩ «የአንበሳሜ መንገደኛ ናቸው» ብሎ በሩን ዘጋ፣ ጣሪያውን መታ፣ መኪናው ቁልቁል ሄደ።