ቀጮ ያስተኛው ማሽን

ምነው እጄን በቆረጠው! አሥራ አራት ዓመት የሰው ሰርቨር ስጠብቅ፣ የሰው ፋይል ከጠፋበት ስመልስ ኖሬ፣ የገዛ ወንድሜን ሁለት መስመር ጽሑፍ በአንድ ጣት ደመሰስኩት። «ባለሙያው» ይሉኛል ደግሞ! ባለሙያ ብሎ ዝም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ቀጮ የምንለው ታናሽ ወንድሜ ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ነበር። የሚሠራበት ፕሮግራም ከማርጀቱ የተነሳ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አልነሳም ስለሚል፣ ቤት፣ ክፍሉ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቪርቹዋል ማሽን የሚሉትን የሠራሁለት እኔው ነኝ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው፣ የራሱ አሮጌ ሲስተም ያለው። ቀጮ ይህን ማሽን አንድ ቀን እንኳ ዘግቶት አያውቅም። ሥራውን ሲጨርስ «አስተኛው» የምትለዋን ይጫንና እብስ ይላል፤ ሲመለስ ሁሉም ነገር እንደተከፈተ ካቆመበት ይጠብቀዋል። «ዘግተኸው ሂድ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!» ስለው «ምን አለፋኝ፣ ተኝቶ ይጠብቀኝ» ይለኝ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ፣ እናታችንን ከዓይን ክሊኒክ ሊያመጣት ተቀጣጥረው ረሳት። እሷም በር ላይ ሁለት ሰዓት ተገትራ በእግሯ መጣች። ቤት ሲገባ ተጣሉ። «እኔ ያንቺ ሾፌር አይደለሁም!» ብሎ በሩን በላይዋ ላይ ወረወረው። በማግስቱ ሳይነጋገሩ ወጣ፤ ማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። በቃ፣ እንደወጣ ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ማሽኑን ስቀሰቅሰው አንድ ገጽ ተከፍቶ አገኘሁ። ያን ዕለት ጠዋት የጻፈው ነው፤ አላስቀመጠውም፣ ስም እንኳ አልሰጠውም። «እማዬ፣ ትናንት የተናገርኩሽ ከልቤ አይደለም። ዛሬ ቶሎ እመጣለሁ።» ይላል። እማዬን ጠራኋት። አንብባ ስትጨርስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቀረች። «ላስቀምጠው?» ብላት «እንዳትነካው!» ብላ ጮኸችብኝ። «እሱ እንደተወው ይቆይ። ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት።»

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መነጽሯን ጠርጋ ወደ ክፍሉ ትመጣለች። እኔ ማሽኑን እቀሰቅሳለሁ፣ እሷ ታነባለች፣ እኔ መልሼ አስተኛለሁ። ስትነሳ ወንበሩን እንኳ እሱ ስቦ በተወው ቦታ ነው የምትተወው። እያነበበች ሳለ እኔ የማየው መስኮቱን ነው። ፊቷን ማየት አልችልም ነበር፣ ገጹንም እንደዚያው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ወደ አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አፕግሬድ አደረግኩት። አሮጌው አብቅቶለት ነበር፤ ዛሬ ነገ ይሞታል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ባክአፕ ሳትይዝ? እንዳትሉኝ፤ ይዣለሁ፣ ያውም ሦስት ቦታ! ግን የያዝኩት እንደ መሥሪያ ቤቴ ልማድ የማሽኑን ዲስክ ብቻ ነው። የተኛ ማሽን ያልተቀመጠ ነገሩን የሚይዘው ዲስኩ ላይ አይደለም፤ ሲያስተኙት ለብቻው የሚጻፍ ሌላ ፋይል አለ። ይህን እኔ ለጀማሪዎች የማስተምር ሰው ነኝ! መሥሪያ ቤት ግን ያን ፋይል ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ሰርቨሮቻችን ሁሉን ነገር ወዲያው ያስቀምጣሉ።

አፕግሬዱ በሰላም አለቀ። ማሽኑን ልቀሰቅስ ስል አንድ ማሳሰቢያ ብቅ አለ፤ ማሽኑ የተኛው በድሮው ቨርዥን ስለሆነ ሊቀሰቀስ አልቻለም፣ የተኛበትን ሁኔታ ጥዬ እንደ አዲስ ላስነሳው ወይ? ይላል። መሥሪያ ቤት ይህችን ጥያቄ በሳምንት አሥር ጊዜ አገኛታለሁ፣ አሥር ጊዜም «አዎ» እላታለሁ። ዓይኔ አንብቦ ሳይጨርስ ጣቴ ተጭኖ ነበር።

«ኧረ! ኧረ ቁም!» ብዬ ጮህኩ፣ ማሽን የሚሰማ ይመስል። ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ተነሳ። የቀጮ ሥራ ሁሉ አለ፤ የሠርግ መጥሪያው፣ የመድኃኒት ቤቱ ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤቱ መጽሔት። ገጹ ብቻ የለም። ሦስቱንም ባክአፕ መለስኩ፤ ሦስቱም ያው ናቸው። የጠፋ ፋይል ይፈልጋል የሚባል ፕሮግራም አንድ አልቀረኝም። ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም እኮ፣ ወይ የኔ ነገር! የቀጮ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

እሁድ ጠዋት ውሸቱን ሠራሁ። ሁለቱን መስመር በቃሌ አውቃቸዋለሁ። እዚያው አሮጌ ፕሮግራም ውስጥ፣ በዚያው የፊደል ቅርጽ ጻፍኳቸው። ስጨርስ ጠቋሚዋ ሰረዝ ከመጨረሻው አራት ነጥብ ቀጥላ ብልጭ ድርግም ትላለች። ራሴን ጠላሁት፣ ግን የእሷን ልብ ሁለተኛ ከመስበር ይሻላል አልኩ።

አራት ሰዓት ላይ መጣች። መነጽሯን አደረገች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«አንተ ልጅ፣» አለችኝ፣ «ያቺ የምትበራ የምትጠፋዋ ሰረዝ ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች? ያቻትና እማዬ፣ መጨረሻው ላይ።»

«መጨረሻው ላይ አልነበረችም እኮ።» ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል አጠገብ አሳረፈች። «እዚህ ነበረች፤ ‹እማዬ› ከሚለው ቀጥሎ። ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ አንድ ነገር ሊጨምርልኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሊለኝ ይሆን እያልኩ ነው የምመጣው። አንዳንድ ቀን ‹ዓለሜ› ሊል ነው እላለሁ፤ ሲያቆላምጠኝ እንደዚያ ነበር የሚለኝ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ‹ይቅር በይኝ› ሊል ነው እላለሁ።»

መቶ እሁድ ቀስቅሼው አንድም ቀን ያንን አላየሁም። መስኮት ሳይ ነው የከረምኩት!

«እማዬ፣» አልኳት፤ «ትናንት በእጄ አጠፋሁት። ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ በወደድኩ። እሷ ግን መነጽሯን አወለቀችና ማኅደሩ ውስጥ አስገባችው።

«አይዞህ የኔ ጌታ፣ ሆን ብለህ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ስክሪኑን ትንሽ አየችውና ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «እንግዲህ አይመጣም ማለት ነው» አለች።

ተነሳች። ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጠረጴዛው ገፋችና አስገባችው።