ከተራራው ሆድ የመጣው ኳኳታ

ጡሩምባ የሚሉት በድምፁ ነው። ሚስጥር ሊነግርህ ሲያንሾካሹክ እንኳ ማዶ ያለው ሰው ዞር ብሎ ያያል። ሥራው ዋሻ ቁፋሮ ነበር፤ መኪና መንገድ እንዲያልፍበት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ ተራራ ይበሳ ነበር። ታላቅ እህቱ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ናት። እናታቸው፣ “አንዱ ልጄ ምድርን ይወጋታል፣ አንዷ ታስታምማታለች” እያለች ትስቅባቸዋለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ተመራማሪዋ ቢሮዋ ተቀምጣ ሳለች፣ የምድርን ንዝረት በሚያሳየው ስክሪን ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መስመር ዘለለ። መጀመሪያ ጥቂት ተርገፈገፈ፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ላይና ወደ ታች እንደ እብድ ይወራጭ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ብርጭቆዎችም ተንገጫገጩ። ለእሷ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከምድር በታች ያለ ዐለት ለዘመናት ተጨንቆ ተጨንቆ ድንገት ሲሸራተት ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካል። ፈጣኑ እየገፋና እየሳበ ቀድሞ ይደርሳል፤ ዘገምተኛው መሬቱን ወዲያና ወዲህ እየናጠ ይከተላል። ምንጩ በራቀ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። እሷም ክፍተቱን ለክታ ርቀቱን አወቀች።

ግን አንድ የመለኪያ ጣቢያ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን አይናገርም። ስለዚህ የሦስት ጣቢያዎችን መረጃ ሰብስባ በእያንዳንዳቸው ዙሪያ ካርታው ላይ በርቀቱ ልክ አንድ አንድ ክብ አሰመረች። ክቦቹ የተገናኙበትን ቦታ አየች። ወንድሟ የሚቆፍረው ተራራ ነበር።

ደወለችለት። ስልኩ አይጠራም። ተንቀሳቃሽ የንዝረት መለኪያዎቿን መኪና ላይ ጫነችና በረረች።

ስትደርስ የዋሻው አፍ ተደርምሶ ቆፋሪዎቹ ውስጥ ቀርተዋል። ኤክስካቫተሮቹ እያጓሩ ድንጋይ ይዝቃሉ። እናቷ ከሌሎቹ ቤተሰቦች ጋር ለመከለያ ከተዘረጋው ገመድ ወዲህ ቆማለች፤ ስታያት እጇን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀቻት።

ተመራማሪዋ በቀጥታ ወደ ነፍስ አድን ኃላፊው ሄደች። አቧራ ከሽበቱ ጋር የተቀላቀለበት ሽማግሌ ነበር።

“በዚህ አያያዝ መቼ ይደርሱላቸዋል?” አለችው።

“ነገ። ምናልባት ከነገ ወዲያ።” ዓይኗን ሸሸ።

“አየሩ እስከዚያ አይበቃቸውም። እነዚህን መለኪያዎች ተራራው ላይ ልዘርጋቸው። ከውስጥ ሆነው ግድግዳውን ቢደበድቡ ንዝረቱ እዚህ ይደርሳል። ግን ማሽኖቹ ይቁሙልኝ፤ መለኪያው የሰው ኮቴ እንኳ አያመልጠውም።”

“ማሽን ላቁም? እነዚያን እናቶች ምን ልበላቸው?”

“አንዷ የእኔ እናት ናት።”

ሰውዬው ትንሽ አሰበና እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ወዲያው ጩኸት ተነሳ፦ “ለምን ቆመ? ሞተዋል ማለት ነው?”

እናትየዋ ወደ ሕዝቡ ዞረች። “ዝም በሉ! ልጄ ወንድሟን እየፈለገች ነው። የአብራኬ ክፋይ እዚያ ውስጥ ሆኖ እኔ ከቻልኩ፣ እናንተም ቻሉ!”

ጸጥ አለ። ተመራማሪዋ መለኪያዎቹን ተራራው ላይ ዘርግታ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። መስመሮቹ እንደተኛ ሰው ተዘረጉ። ምንም የለም። ኃላፊው ጠበቀ፣ ጠበቀና አንገቱን ነቅንቆ ማሽኖቹን አስነሳ።

እሷ ግን ከቦታዋ አልተነሳችም። ራሷን ዋሻው ውስጥ ባሉት ሰዎች ቦታ አድርጋ አሰበች። ደብድበው ደብድበው ሰሚ ቢያጡ ደክሟቸው ተቀምጠዋል። የሚሰማቸው ሰው መኖሩን በምን ያውቃሉ? መጀመሪያ ማንኳኳት ያለብን እኛ ነን! ቀና ስትል የሲሚንቶ ብሎክ ያንጠለጠለውን ክሬን አየች።

“ያንን የሲሚንቶ ብሎክ ከዋሻው ራቅ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ጣሉልኝ። ከዚያ ዝም እንበል።”

“አንዴ ፈቅጄልሽ ነበር እኮ” አለ ኃላፊው።

“አንዴ ብቻ ይጨምሩልኝ፣ አባቴ።”

ብሎኩ ወረደ። ዱብ። ዱብ። ዱብ። ሞተሩ ሁሉ ጠፋ። እናቶቹ አፋቸውን በነጠላቸውና በእጃቸው ያዙ።

መስመሩ ላይ አንዲት ትንሽ እሾህ ብቅ አለች። ደገመች። ሠለሰች።

“የራሳችን ማስተጋባት ቢሆንስ?” አለ ኃላፊው በሹክሹክታ።

“እንግዲያው አሁን ሁለት ብቻ። ማስተጋባት ከሆነ ከሁለት አያልፍም።”

ዱብ። ዱብ። ከተራራው ሆድ ሁለት መለሰ። ከዚያ ትንሽ ቆየና ያለ ቁጥር፣ ያለ ሥርዓት፣ ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ ድብደባው ይወርድ ጀመር።

“ይሄ ማስተጋባት አይደለም” አለች እንባዋ እየቀደማት። “ይሄማ ጡሩምባ ነው!”

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ድብደባው ወደ ሁሉም መለኪያዎች እኩል አልደረሰም፤ የቀረበው ቀድሞ፣ የራቀው ዘግይቶ ነው የሰማው። ልዩነቱን አስልታ ካርታው ላይ ነጥብ አኖረች። ነጥቡ ከተደረመሰው አፍ ጀርባ አልነበረም፤ በተራራው ጎን በኩል ነው።

ኃላፊው የዋሻውን ፕላን አየና ግንባሩን መታ። “የውሃ ማፍሰሻው! ወደዚያ ሸሽተው ነው! መሰርሰሪያውን አምጡ!”

እዚያ ጋ ዐለቱ ስስ ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲሰረስር ቆይቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሰርሰሪያው ድንገት ባዶ ገባ። ሲያወጡት ከቀዳዳው አቧራ፣ ቀጥሎም ድምፅ ወጣ፦

“ቀስ በሉ እንጂ! ጭንቅላቴን ልትበሱት ነው? ውሃ አምጡ!”

ማጉያ አላስፈለገውም፤ ከገመዱ ወዲህ ያለው ሁሉ ሰማው።

“ስንት ናችሁ?” ብሎ ጮኸ ኃላፊው።

“ሁላችንም! አንድም አልጎደለም! አንዱ እግሩ ተሰብሯል፣ ምላሱ ግን ደህና ነው፤ አላስተኛን አለ!”

ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀ። ቀዳዳው ሰፋ፤ ነጭ አቧራ የለበሱት ሰዎች በየተራ እየተሳቡ ወጡ፤ የወጣው ሁሉ ከአንዱ እቅፍ ወደ ሌላው ይተላለፍ ጀመር። ጡሩምባ በመጨረሻ ወጣ። እናቱ በሁለት እጇ ፊቱን ይዛ ዓይኑን፣ ግንባሩን፣ ጆሮውን ሳመችው።

ኃላፊው ኮፍያውን አውልቆ ተመራማሪዋ ፊት ቆመ። “ልጄ፣ ነፍስ አድኖች ያንቺን ትምህርት ካልተማሩ እኔ ጡረታ አልወጣም” አለ። ወዲያው ቆፋሪዎቹ ከበዋት ትከሻቸው ላይ አወጧት። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና ተቃቅፈው የቆሙትን እናቷንና ወንድሟን፣ ከታች የሚጨፍረውንም ሰው አየች፤ እሷም እጆቿን ዘርግታ ባላት ድምፅ ሁሉ እልል አለች።